ገመዱ በማን ፈቃድ ይዘርጋ? በአሜሪካ ከተሞች የኬብልና የኢንተርኔት ውል አማራጮች ሲነጻጸሩ

ኬብል ቴሌቪዥን ያላችሁ ቢላችሁን አውጡ። ከታች፣ ታክሱ በሚደረደርበት ቦታ፣ «ፍራንቻይዝ ፊ» የምትል መስመር ፈልጉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዲሲ የምትኖሩ ታገኟታላችሁ። የወሩ የቴሌቪዥን ሂሳብ 80 ዶላር ከሆነ እሷ 4 ዶላር ገደማ ናት። ኩባንያው የሕዝብ መንገድ ቆፍሮና ምሰሶ ላይ ገመድ ሰቅሎ ስለሚነግድ ለካውንቲው ወይም ለከተማው የሚከፍለው ኪራይ ነው። ከኪሱ የሚያወጣው ግን ደንበኛው ነው።

አሁን የኢንተርኔቱን ሂሳብ እዩት። 70 ዶላር ይሁን። እዚያ ላይ ፍራንቻይዝ ፊ የለም። ጉድጓዱ ያው ጉድጓድ፣ ገመዱም ያው ገመድ ሆኖ ሳለ።

ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ካውንስል ፊት ቆሞ «ኢንተርኔት ተወደደብን፣ አንድ በሉን» ይላል። አባላቱም በትሕትና አመስግነው ያሰናብቱታል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አስተያየት ለመስጠት ለሚያስብ፣ የሰፈር ማኅበር ውስጥ ላለ፣ ወይም «ለምንድነው እኛ ጋ አንድ ኩባንያ ብቻ ያለው?» እያለ ለሚበሳጭ ሰው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀገር ቤት ይህ ጥያቄ አይነሳም። ሕገ መንግሥቱ ፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽንን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ሳፋሪኮም በ2021 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ሲያወጣ የተደራደረው ከፌዴራሉ ጋር ነው፣ ከአዳማ ወይም ከባሕር ዳር ከንቲባ ጋር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግን ከንቲባውም ድርሻ አለው። ድርሻው ምን ያህል ነው የሚለው እንደምትኖሩበት ስቴት ይለያያል።

ከተማው ምን ያዛል፣ ምን አያዝም

መነሻው የ1984ቱ የኬብል ሕግ ነው። ኬብል ኩባንያ ያለ ፍራንቻይዝ፣ ማለትም በሕዝብ መንገድ ገመድ ዘርግቶ እንዲነግድ የሚፈቅድለት ውል ሳይኖረው፣ ቴሌቪዥን መሸጥ አይችልም። ውሉን የሚሰጠው አካል ከኬብሉ ገቢ እስከ 5 በመቶ ድረስ መጠየቅ ይችላል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። ለሕዝብ፣ ለትምህርትና ለመንግሥት የሚውሉ ቻናሎችንም መጠየቅ ይችላል። የ1992ቱ ሕግ ደግሞ ብቸኛ ውል ከለከለ። «እዚህ ከተማ የምሠራው እኔ ብቻ ነኝ» የሚል ስምምነት ከዚያ ወዲህ አይጸናም።

ብዙ ሰፈር ታዲያ ለምን አንድ ኩባንያ ብቻ አለው? ገመድ መዘርጋት ውድ ስለሆነ ነው። አንዱ ቀድሞ ከተማውን ሸፍኖ ከሆነ፣ ሁለተኛው ያንኑ ያህል ገንዘብ አፍስሶ ግማሹን ደንበኛ እንኳ እንደማያገኝ ያሰላል። ሕጉ በሩን ከፍቶታል፣ የሚገባ ግን የለም።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የኤፍሲሲ (የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ውሳኔዎች የኢንተርኔት አገልግሎትን ከኬብል ቴሌቪዥን ለይተው አስቀምጠዋል። ስለዚህ ከተማው የኢንተርኔት ዋጋ መወሰን አይችልም። የፍራንቻይዝ ክፍያም ከኢንተርኔት ገቢ ላይ አይሰበስብም። ሳተላይት ቴሌቪዥንም ከከተማ ክፍያ ነጻ ነው። ሰው ደግሞ ኬብሉን እየቆረጠ ነው። እኛ ቤት ኢቢኤስም ዜናውም በዩቲዩብ ነው የሚታየው። ኬብል በተቆረጠ ቁጥር የከተማው 5 በመቶ አብሮ ይሟሽሻል።

ከተማው እጅ ላይ የቀረው ትልቁ ነገር መንገዱ ነው። የ1996ቱ የቴሌኮም ሕግ ማንም ከተማ ኩባንያ እንዳይገባ በር መዝጋት አይችልም ይላል። መንገዱን ማስተዳደር ግን ይችላል። መቼ ይቆፈር፣ እንዴት ይደፈን፣ ስንት ይከፈል የሚለውን ያዛል። አማራጮቹን ስናወዳድር እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ አማራጭ በመንገዱ ላይ ያለንን ጉልበት ያጠናክራል ወይስ ያስነጥቀናል?

ከተማው ወይም ካውንቲው ራሱ ሲዋዋል

ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሚኒሶታና ዋሽንግተን ስቴት እንዲህ ናቸው። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመት አካባቢ ይቆያል። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ይህን የሚከታተል ራሱን የቻለ ቢሮ አለ። በዲሲም እንደዚሁ። ቴክኒሻኑ በቀጠሮው ሳይመጣ ቢቀር፣ ወይም ሣሩ ላይ የተጣለው ገመድ ለወራት ሳይቀበር ቢከርም፣ ኩባንያውን ስልክ ላይ ስትለማመጡ ከመዋል ለዚያ ቢሮ አቤቱታ ማስገባት ይቀላል። ኩባንያው የካውንቲ ደብዳቤ ሲደርሰው አነጋገሩ ይለወጣል።

ሌላው ጥቅም የሕዝብ ቻናሉ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ስንት የአማርኛ ፕሮግራም የጀመረው በእነዚህ ስቱዲዮዎች ነው። ካሜራው ከነሥልጠናው በርካሽ ይገኛል፣ ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው ከኬብል ውሉ ነው። ዩቲዩብ በሌለበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ትልቁ ጥቅም ግን «ሁሉንም ሰፈር ሸፍን» ማለት መቻሉ ነው። እዚህ ላይ የኒው ዮርክን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። ከተማዋ በ2008 ለቬራይዘን የኬብል ፍራንቻይዝ ሰጠች። በውሉ መሠረት ፋይበሩ እስከ ሰኔ 2014 በከተማዋ ያሉትን ቤቶች በሙሉ ማዳረስ ነበረበት። ቀኑ ደረሰ፣ ብዙ ሰፈር አልደረሰውም። ኩባንያው ገመዱን በየአካባቢው አሳልፌያለሁ፣ የሕንጻ ባለቤቶች ናቸው አላስገባ ያሉኝ አለ። ከተማዋ ደግሞ ገመዱ ሕንጻው ደጃፍ ካልደረሰ ደረሰ አይባልም አለች። በ2017 ከሰሰች። በኅዳር 2020 ታረቁ፤ ቬራይዘን እስከ 2023 ለተጨማሪ 500,000 ቤቶች ሊዘረጋ ተስማማ።

ይህን ታሪክ ሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዓይነት ያነበዋል። አንዱ «አያችሁ፣ ውል ዋጋ የለውም፣ ስድስት ዓመት አለፈ» ይላል። እኔ ግን ከሌላው ወገን ነኝ። ውሉ ባይኖር ክሱም አይኖርም ነበር፣ እነዚያ ቤቶችም ዛሬ ድረስ ይጠብቁ ነበር። ችግሩ አጻጻፉ ላይ ነው። «ማዳረስ» የሚባለው የት ድረስ ሲደርስ እንደሆነ፣ ቀኑ ሲያልፍ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ በግልጽ ካልተጻፈ ጠበቃ ነው የሚከብረው።

የዚህ አማራጭ ድክመትስ? አንደኛ፣ ከተማው የሚመስለውን ያህል ጉልበት የለውም። ውሉ ሲያልቅ አላድስም ለማለት የሚችለው በሕጉ በተዘረዘሩ አራት ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ውሉን አላከበረም፣ አገልግሎቱ ደካማ ነበር፣ አቅም የለውም፣ ወይም ያቀረበው ሐሳብ የማኅበረሰቡን ፍላጎት አያሟላም። ሁለተኛ፣ በ2019 ኤፍሲሲ ባወጣው ደንብ ኩባንያው ከውሉ የተነሳ በዓይነት የሚሰጣቸው ብዙ ነገሮች ከ5 በመቶው ላይ እንዲቀነሱ ተፈቀደ። ከተሞቹ ተከራክረው ፍርድ ቤት በ2021 ስሌቱን በመጠኑ አለዘበላቸው እንጂ ደንቡን አልሻረም። ለትምህርት ቤት በነጻ ይሰጥ የነበረ መስመር አሁን ሂሳብ አለው ማለት ነው።

ስቴቱ ሲወስደው

ቴክሳስ በ2005 ጀመረች። ካሊፎርኒያ በ2006፣ ጆርጂያ በ2007 ተከተሉ። ሌሎችም አሉ። ነገሩ አጭር ነው። ኩባንያው ከእያንዳንዱ ከተማ ጋር መደራደሩን ትቶ ለስቴቱ አንድ ማመልከቻ ያስገባል። ቅጹ ከተሟላ ፈቃዱ ይሰጠዋል። ከተማው 5 በመቶውን አያጣም፣ የድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ግን የለም።

የስልክ ኩባንያዎች ይህን አጥብቀው የፈለጉት ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ንግድ ውስጥ ሊገቡ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ከንቲባዎችን እየዞሩ መለማመጥ ዓመታት ይፈጃል። ክርክራቸው ውሸት አልነበረም፣ አዲስ ለሚገባ ኩባንያ ድርድሩ ቀርፋፋ ነበር። ግን በ2006 ኤፍሲሲ ከተሞቹ በ90 ቀን፣ መንገዱ ላይ ገና ፈቃድ ለሌለው ኩባንያ ደግሞ በ180 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጡ አስገደደ። ከዚያ በኋላ «ከተማ ያዘገየናል» የሚለው ሰበብ ብዙ አያስኬድም።

ዳላስ፣ አትላንታ ወይም ሎስ አንጀለስ ከሆናችሁ ውጤቱን እያያችሁት ነው። ኩባንያው የሚያዋጣውን ሰፈር ይመርጣል። በገቢ ማበላለጥን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ አለ፣ ማስረጃ አቅርቦ ማስፈጸም ግን ሌላ ነገር ነው። በሎስ አንጀለስ ከአዲሱ የስቴት ሕግ በኋላ፣ በ2009 መጀመሪያ ላይ የሕዝብ ቻናል ስቱዲዮዎቹ ተዘጉ።

ስቴት ሁልጊዜ ለኩባንያ ያደላል ማለትም አይደለም። ከተማ የማይችለውን ስቴት የሚችልበት ጊዜ አለ። ኒው ዮርክ በ2021 ባወጣችው ሕግ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የ15 ዶላር ኢንተርኔት እንዲቀርብ አዘዘች። ኩባንያዎቹ ከሰሱ፣ በ2024 በይግባኝ ተሸነፉ፣ ሕጉ በ2025 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። የፌዴራሉ የ30 ዶላር ድጎማ በ2024 ሲቋረጥ ስንት የእኛ ቤተሰብ ቢሉ እንደጨመረበት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የኢንተርኔት ዋጋ ከሆነ የሚያሳስባችሁ፣ ልፋታችሁን ወደ ስቴቱ ምክር ቤት አዙሩት።

ቨርጂኒያ መሐል ላይ ናት። ውሉ ከአካባቢው አስተዳደር ጋር ነው፣ አጻጻፉን ግን የስቴቱ ሕግ ያጠብበዋል። ገንዘቡ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ በፍራንቻይዝ ክፍያ ፈንታ 5 በመቶ የኮሙኒኬሽን ታክስ ሆኖ ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ይገባና ተከፋፍሎ ይመለሳል። ፌርፋክስና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ቢሉ ላይ የምታዩት ስም የተለየው ለዚህ ነው።

ከተማው ራሱ ኩባንያ ሲሆን

ስብሰባ ላይ ጭብጨባ የሚያገኘው ይህ ነው። ምሳሌ ሆና የምትጠቀሰውም ሁልጊዜ ቻተኑጋ፣ ቴነሲ ናት። የከተማው የመብራት ድርጅት ኢፒቢ በ2010 ለመላው የአገልግሎት ክልሉ አንድ ጊጋቢት ኢንተርኔት አቀረበ። ሎንግሞንት፣ ኮሎራዶም አለች። ነዋሪዋ በ2013 የ45.3 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በድምፅ አጽድቆ የራሱን ፋይበር ዘረጋ። ቀድመው የተመዘገቡት አንድ ጊጋቢት በ49.95 ዶላር አገኙ።

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ የሚባለው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም ከተሞች ቀድሞ የራሳቸው የመብራት ድርጅት ነበራቸው። ምሰሶው የራሳቸው፣ መኪናውና ሠራተኛው የራሳቸው፣ ቢል መላክም የለመዱት ሥራ። ቻተኑጋ በዚያ ላይ የመብራት መስመሯን ለማዘመን 111 ሚሊዮን ዶላር የፌዴራል እርዳታ አግኝታለች። ፋይበሩ መብራት ሲጠፋ መስመሩን በራሱ እንዲቀይር ስለሚያግዝ ወጪው ለኢንተርኔት ብቻ አልዋለም።

ይህ የሌላቸውን እንይ። ፕሮቮ፣ ዩታ 39 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተበድራ ዘረጋች። በ2013 ለጉግል በአንድ ዶላር ሸጠችው። ብድሩ ግን አልተሸጠም፣ ነዋሪው ከመብራቱና ከውሃው ቢል ጋር በየወሩ ከ5 ዶላር በላይ መክፈሉን ቀጠለ። በርሊንግተን፣ ቨርሞንት ደግሞ ከከተማው ካዝና ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ኔትዎርኩ ውስጥ ገባ፣ የከተማው የብድር ደረጃ ወረደ፣ ባንክ ከሰሰ፣ በመጨረሻ በ2019 ለግል ኩባንያ ተሸጠ። አገልግሎቱ መጥፎ አልነበረም። ሂሳቡ ነው ያልተሳካው።

በስቴት ሕግ የሚታገዱም አሉ። ሰሜን ካሮላይና፣ ዊልሰን የምትባለው ከተማ የራሷን ፋይበር ከዘረጋች በኋላ፣ በ2011 ሌሎች ከተሞች እንዳይከተሏት ሕጉን አጠበቀች። ኤፍሲሲ በ2015 እንዲህ ያለውን ገደብ ሊሽር ሞከረ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2016 አይቻልም አለው። ኮሎራዶ ግን ከተሞቹን ሕዝበ ውሳኔ ውስጥ ያስገባ የነበረውን የ2005 ሕጓን በ2023 ሰርዛለች።

ቧንቧው የከተማ፣ አገልግሎቱ የኩባንያ

ይህ አማራጭ ብዙ ጩኸት የለበትም፣ ለመካከለኛ ከተማ ግን እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ከተማው ባዶ የፕላስቲክ ቧንቧ ይቀብራል፣ ወይም ውስጡ ፋይበር ይጨምርበታል። ደንበኛ መፈለግ፣ ራውተር መላክ፣ ስልክ ማንሳት ለኩባንያው ይተዋል። ኩባንያው ኪራይ ይከፍላል።

ወጪውን የሚያንረው ፋይበሩ አይደለም። ጉድጓዱ ነው። የእግረኛ መንገድ መስበር፣ ትራፊክ ማስቆም፣ አስፋልት መመለስ። ከተማው ለውሃ ወይም ለራሱ መሥሪያ ቤቶች ሲቆፍር ትርፍ ቧንቧ ጣል ካደረገ፣ ሁለተኛው ኩባንያ እንዳይመጣ ያደረገው ወጪ ግማሽ መንገድ ወረደለት ማለት ነው።

ዌስትሚኒስተር፣ ሜሪላንድ ከ2015 ጀምሮ ይህን ሠርታለች። ትንሽ ከተማ ናት፣ ፋይበሩ የእሷ ነው፣ አገልግሎቱን የሚሸጠው ቲንግ የሚባል ኩባንያ ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ያለባት አሌክሳንድሪያም ለትምህርት ቤቶቿና ለመሥሪያ ቤቶቿ ፋይበር ስትዘረጋ ትርፍ ቧንቧ አሰበች፣ በ2021 ከዚሁ ከቲንግ ጋር ተስማማች። አንድ ኬብል ኩባንያ ብቻ ሲገዛት ለኖረች ከተማ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

አደጋው አንድ ተከራይ ላይ መንጠልጠል ነው። ተከራዩ ቢደክም ወይም ቢሸጥ ምን ይሆናል? ኪራዩ ለአንድ ኩባንያ ብቻ ነው ወይስ ሌላም መግባት ይችላል? ከስንት ዓመት በኋላ? እነዚህን ጥያቄዎች ካውንስሉ ከመፈረሙ በፊት አንሱ፣ ከተፈረመ በኋላ ዋጋ የላቸውም።

ስለ አንቴና ባጭሩ

መብራት ምሰሶ ላይ የሚሰቀሉት ትናንሽ የ5ጂ አንቴናዎች ሌላ ሕግ አላቸው። በ2018 ኤፍሲሲ ከተማው ለአንዱ አንቴና በዓመት ከ270 ዶላር በላይ ለማስከፈል ወጪውን ማሳየት አለበት አለ፣ ምላሹንም በ60 ወይም በ90 ቀን ገደበው። ቦታና መልክ ላይ መከራከር ይቻላል። አንቴናው የኤፍሲሲን የጨረር መለኪያ እስካሟላ ድረስ «ጨረሩ ይጎዳል» ብሎ ከተማውን ፈቃድ ማስከልከል ግን በፌዴራል ሕግ አይቻልም። ይህን ሳያውቁ ሙሉ ስብሰባ በዚህ ክርክር ሲያልቅ ማየት ያሳዝናል።

ታዲያ የትኛውን?

እንደ ሞንትጎመሪ ባለ ትልቅ ካውንቲ ከአንድ በላይ ኩባንያ የፍራንቻይዝ ውል አለው። እዚያ ያለውን ውል አጥብቃችሁ ያዙ፣ ኃላፊነቱ ወደ ስቴት ይሂድ የሚል ረቂቅ ሲመጣ ተቃወሙ። ጉልበታችሁን የምታውሉት እድሳቱ ላይ ነው። የእድሳት ሂደቱ የሚከፈተው ውሉ ከማለቁ ከ36 እስከ 30 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ያኔ የማኅበረሰቡ ፍላጎት ይጠናል፣ ሕዝብ ይሰማል። ፍላጎት ተብሎ መዝገብ ላይ ያልገባ ነገር በኋላ ድርድር ላይ አይነሳም። የውሉን ማብቂያ ቀን ለኬብል ቢሮው በኢሜይል ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ዲሲ ውስጥ በ2004ቱ የቋንቋ ሕግ መሠረት የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ማይክሮፎኑ ላይ የሚሰጣችሁ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። የሰፈሩን ስም፣ የመንገዱን ስምና የጎደለውን ነገር ተናግራችሁ ቁጭ በሉ።

ቴክሳስ ወይም ጆርጂያ ያላችሁ፣ የከተማ ካውንስል ፊት ስለ ኬብል ውል መከራከር ድካም ብቻ ነው። ስለ ቧንቧ ግን ተከራከሩ። መንገድ በታደሰ ቁጥር ትርፍ ቧንቧ ይቀበር የሚል የከተማ ደንብ ያን ያህል ውድ አይደለም።

የራሱ የመብራት ድርጅት ያለው ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ የቻተኑጋን መንገድ ማንሳት ያስኬዳል። ከሌለው፣ ቦንዱን ከመደገፋችሁ በፊት ከመቶ ቤት ስንቱ ካልተመዘገበ እንደሚከስር ጠይቁ። ቁጥሩን መናገር ካልቻሉ እጃችሁን አታውጡ።

አፓርትመንት ለምትኖሩ

ብዙዎቻችን የምንኖረው አፓርትመንት ነው። እዚያ ከከተማውም ከስቴቱም በፊት የሚወስነው የሕንጻው ባለቤት ነው። ጎረቤት ሕንጻ ሦስት ኩባንያ ኖሮት የእናንተ አንድ ብቻ ካለው፣ ነገሩ ፍራንቻይዝ ላይሆን ይችላል። ኤፍሲሲ በ2007 ኬብል ኩባንያዎች ሕንጻን ለብቻ የሚይዙበትን ውል ከልክሏል። በ2022 ደግሞ ባለቤቱን ለአንድ ኩባንያ እንዲያደላ የሚያደርጉ አንዳንድ የገቢ ክፍፍሎችን አገደ፣ ለአንዱ ብቻ የማስተዋወቅ ውል ካለም ለተከራይ እንዲነገር አዘዘ። ባለቤቱ ሁለተኛ ኩባንያ እንዲያስገባ ግን ይህ ደንብ አያስገድደውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሕንጻውን ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከማን ጋር ተዋውላችኋል፣ ሌላ ኩባንያ ገመድ ላስገባ ብሎ ጠይቆ ያውቃል ወይ? አንድ ተከራይ ከሚጠይቅ አሥራ አምስት ተከራይ ፈርሞ ቢጠይቅ መልሱ ቶሎ ይመጣል።